ሳይሞቅ «ሞቀኝ» ያለው ሰርቨር

በታኅሣሥ ደባርቅ ላይ አመዳይ ይወርዳል። ሣሩ ነጥቶ፣ ደጅ ያደረው የባልዲ ውኃ ላዩ እንደ መስተዋት ጠጥሮ ያነጋል። አረጋሽ ገብረ ኪዳን እንዲህ ባለ ጠዋት ከጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባ የመሥሪያ ቤቷን በር ስትከፍት ሰርቨሩ ጠፍቶ አገኘችው። መብራት አልሄደም። አበራችው። የማቀዝቀዣ ፋኖቹ የሊማሊሞን ዳገት ከነጭነቱ እንደሚወጣ መኪና አጓሩ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ዲስኮቹ ከልክ በላይ ሞቀዋል፣ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል የሚል። ጥቂት ቆይቶ እንዳለውም ጠፋ።

ክዳኑን ከፍታ መዳፏን ዲስኮቹ ላይ አሳረፈች። እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ።

«ምኑ ነው የሞቀህ አንተ?» አለችው ማሽኑን።

ቤቱ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ ቤት ነው። በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ባሉ ደብሮች ያሉ የዜማና የቅኔ መምህራን ሲያስተምሩ የተቀዳው ድምፅ፣ የብራና መጻሕፍቱም ፎቶ፣ እዚያ ይጠበቃል። ማኅደር ይሉታል። ኃላፊው አቶ ዓለምብርሃን ናቸው፤ ዳባት ለብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማሩ፣ አሁንም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሚኒባስ ወደ ዳባት ቤታቸው የሚመለሱ ሰው። አረጋሽ ደግሞ የኮምፒውተሩ ባለሙያ ናት። ጎንደር ተምራ፣ ጎንደር ጥቂት ሠርታ፣ ይህ ሥራ ሲወጣ ደመወዙ ቢያንስም ሮጣ የመጣች። ለምን እንደሮጠች ለማንም አስረድታ አታውቅም።

የተወለደችው ደረስጌ ነው። አባቷ ግራ ጌታ ገብረ ኪዳን፣ የአባቷ ወዳጅ ደግሞ ቀኝ ጌታ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ። ሁለቱ በደረስጌ ማርያም ቅኔ ማኅሌት አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ፊት ለፊት ቆመው አረጁ። አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይቀበላል። ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ቀን ነበር፤ ሳይቀባበሉ የሚውሉበት ግን አልነበረም። ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩት በአረጋሽ አባት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጎን በተሠራች ጎጆ ውስጥ ነበር። አረጋሽ ከጎጆዋ ግድግዳ ጀርባ ባቄላ ትለቅማለች፣ ገብስ ታበጥራለች፣ ጆሮዋ ግን ውስጥ ነው። ማንም አልከለከላትም፤ ማንም ደግሞ «ነይ ግቢ» አላላትም። ተማሪዎቹ አንድ ሳምንት የሚፈጅባቸውን ዜማ እሷ ባቄላዋን ለቅማ ሳትጨርስ ትይዘው ነበር። ይዛስ የት ታደርገዋለች? ማታ አልጋዋ ላይ በከንፈሯ ትለውና እዚያው ታስቀረዋለች።

ቀኝ ጌታ ሀብተ ሚካኤል አንድ ልማድ ነበራቸው። ለተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ ያሉትን ቃል አንዳንድ ቀን ሦስተኛ ይደግሙታል፤ ያኔም ድምፃቸው ጠጋ፣ ጎላ ብሎ ይሰማታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይሆን? ለእሷ ይሆን? ጠይቃቸው አታውቅም። አንዲት ልጅ የዜማ መምህር ፊት ቀርባ እንዲህ ያለውን እንዴት ትጠይቃለች?

ማኅደሩ ውስጥ ከገባች በኋላ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ደረስጌ ነው። ሁለቱን ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ከጽዱ ሥር አስቀምጣ የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓውን፣ ከዳር እስከ ዳር እየተቀባበሉ ሲሉት ቀዳች። ደግ አድርጋ ቀዳች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተከታትሎ መጣ። አባቷ ጉሮሯቸውን ታመው ጎንደር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ዳኑ፣ ግን ድምፃቸው አልተመለሰም፤ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ደግሞ ቀኝ ጌታ ሀብተ ሚካኤል አረፉ። መንገዱ በጭቃና በናዳ ተዘግቶ ስለነበር አረጋሽ ለቀብሩ አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ ያንን ቅጂ አንድም ቀን ከፍታ አልሰማችውም። ፋይሉን ታየዋለች፣ ስሙን ታነበዋለች፣ ትተወዋለች።

ሰርቨሩ በጠፋበት ዕለት ጎረቤታቸው የሺዋስ ከደረስጌ ስልክ ደወለ።

«አረጋሽ፣ አባትሽ ነገ በመኪና ይመጣሉ። በዚህ ብርድ የቡዋሂትን ተራራ አይሻገሩ ብንላቸው እምቢ አሉ። ‹ያን የቀዳችውን ልስማ› ነው የሚሉት።»

«ያመማቸው ነገር አለ?»

«ኧረ ደኅና ናቸው። ብቻ ከመስቀል ወዲህ እንዲሁ ዝም ብለዋል። ማኅሌት ይቆማሉ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ።»

አባቷ የራሳቸው ድምፅ ናፍቋቸው ነው ብላ አሰበች። ያ ድምፅ ያለው ደግሞ እምቢ ባለው ማሽን ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው ዲስክ በተጨመረ ጊዜ ነበር። የሰርቨሩ የራሱ ዲስኮች ሞልተው ነበርና ተጨማሪ አስፈለገ። ሰርቨሩን የሠራው ኩባንያ ዲስክ አገር ውስጥ ተፈልጎ ታጣ። ጎንደር የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው እንግዳው፣ አብሯት የተማረ ልጅ ነው፣ ሌላ ኩባንያ የሠራቸውን፣ በልክም በዓይነትም የሚገጥሙ ዲስኮች አመጣላት። ገጠሙ፣ ሠሩ። የደረስጌውንና አዲሶቹን ቅጂዎች ሁሉ ወደነሱ አዛወረች። ፋኖቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበረዱም፤ ሲያጓሩ ይውላሉ። አሁን ጭራሽ ማሽኑ ራሱን ማጥፋት ጀመረ።

እንግዳው ጋ ደወለች።

«ዲስኮቹ ደኅና ናቸው እኮ» አለ ገና ሳትጨርስ። «ከዚያው ካርቶን የወሰዱ ሌሎች ሰዎች እየሠሩባቸው ነው።»

«እኔ መቼ ተበላሹ አልሁህ? ሰርቨሩ ሞቁ ይላል፣ እጄ ቀዘቀዙ ይለኛል። ማንን ልመን?»

ሳቀ። «እስቲ ቦታ አቀያይሪያቸው። የሚያጉረመርመው በቦታው ነው ወይስ በዲስኩ?»

አቀያየረች። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ከአዲሶቹ ዲስኮች ጋር አብሮ ዞረ፤ የተቀመጡበት ቦታ ለውጥ አላመጣም። አዲሶቹን አውጥታ በአሮጌዎቹ ብቻ ስታበራው ፋኖቹ ወዲያው ጸጥ አሉ። ግን በአሮጌዎቹ ላይ የደረስጌው ቅጂ የለም፤ አዲሶቹን መልሳ አስገብታ አበራችው።

አቶ ዓለምብርሃን ከፋኑ ጩኸት በላይ ለመሰማት እየጮኹ ገቡ። «አረጋሽ! አጥፊው! ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ሰው እስኪገኝ ጠፍቶ ይቀመጥ።»

«አቶ ዓለምብርሃን፣ ሞቀ የሚለው ውሸት ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል! እውነት ቢሆንስ? ቢቃጠልስ? ቀኝ ጌታ ሀብተ ሚካኤልን ሁለተኛ ከማን አፍ እንቀዳቸዋለን?»

የተናገሩት እውነት ነበር። በአዲሶቹ ዲስኮች ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታም ገልብጣ ማስቀመጥ ሲገባት፣ የመገልበጫው ዲስክ ይመጣል ይመጣል ሲባል አልመጣም፤ የእሳቸውም የእሷም ጥፋት አልነበረም።

«ልክ ነዎት» አለች። «እንግዲያው እንለካው። እውነት ከሞቀ ዛሬውኑ አጥፍቼ እሸፍነዋለሁ። ውሸት ከሆነ ግን ስንጠብቅ ልንከርም ነው።»

«በምን እንለካዋለን?»

ከዚያ አቶ ዓለምብርሃን ኮታቸውን ደረብ አድርገው ወጡ። ሲመለሱ ከጤና ጣቢያ የተዋሱትን፣ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚለካበትን ባለ ቀጭን ሽቦ ቴርሞሜትር ይዘው ነበር። «የምታውቀኝ ነርስ ደርቤ ናት የሰጠችኝ፤ ማታ ሳይመሽ ትፈልገዋለች» አሉ። ሽቦውን በሁለቱ አዲስ ዲስኮች መካከል አስገብተው ማሽኑን አበሩ። ሰርቨሩ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሞቄአለሁ እያለ ሲያጓራ፣ ቴርሞሜትሩ ከክፍሉ ብርድ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ያ ሁሉ ነፋስ እየነፈሰበት ዲስኩ ለእጅ እንኳ ለብ አላለም።

አቶ ዓለምብርሃን ቴርሞሜትሩን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ጋቢዋን አዩ። «ይህ በዚህ ብርድ ሞቀኝ ካለ፣ እኔም ኮቴን ላውልቅ?» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው።

አረጋሽ ደግሞ ዲስኮቹን ራሳቸውን ጠየቀች። እያንዳንዱ ዲስክ በውስጡ ሙቀቱን የሚለካ ነገር አለው፤ በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሲጠየቅ ይመልሳል። የመለሱት ቴርሞሜትሩ ካለው ጋር ገጠመ። ያኔ ነገሩ ተገለጠላት። ሰርቨሩ የሙቀት መልስ የሚጠብቀው የራሱ ኩባንያ ዲስኮች በሚያስቀምጡበት ቦታና መልክ ነው። ባዳዎቹ ዲስኮች መልሱን ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። ሰርቨሩ የሚያውቀውን ቦታ ሲያይ ትርጉም የለሽ ቁጥር ያገኛል፤ ላለመሳሳት ሲል የመጨረሻውን ክፉ ይገምታል፣ ፋኑን ያስጮኻል፣ ሲብስበትም ራሱን ያጠፋል።

መድኃኒቱ የሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማደስ ነበር። ኩባንያው ካወጣው አዲስ ሶፍትዌር ላይ፣ የማያውቀው ዲስክ ሲገጥመው የሙቀቱን ነገር እንዲተው የሚያደርግ ምርጫ እንዳለ አነበበች። ግን ሶፍትዌሩ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረስጌ መገልበጥ አለበት። አቶ ዓለምብርሃን ከዳባት የልጃቸውን ተንቀሳቃሽ ዲስክ አስመጡ፤ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰ። ማሽኑ በበራ ቁጥር የሚቆየው ጥቂት ነው። ታበራለች፣ ጥቂት ትገለብጣለች፣ ይጠፋል። ደግማ ታበራለች፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ቀኑም በዚሁ አለቀ።

በማግሥቱ ይህንኑ ስታደርግ ነው አባቷ የደረሱት። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ከቤት የያዙትን የበሶ ከረጢት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የቡዋሂት ብርድ ፊታቸው ላይ ነበር። አረጋሽ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ጎንበስ ብለው ራሷን ሳሙና አንድ ነገር ተናገሩ። አልሰማቻቸውም። የፋኑ ጩኸት ያንን ስስ ሹክሹክታ ከአፋቸው ላይ ይነጥቀዋል።

«አባዬ፣ ይቀመጡ! ትንሽ ይታገሡኝ! አሁን ዝም አሰኘዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

ከጥጉ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሷ ትሠራለች፤ እሳቸው ከጀርባዋ ያወራሉ። ዞር ስትል ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች። አንድ ሁለቴ ተነሥታ ጆሮዋን አስጠጋች፣ «…ጽዱ ሥር…» የምትል ቃል ብቻ ያዘች። ድሮ የእኒህ ሰው ድምፅ ከደረስጌ ማርያም ተነሥቶ ከሸለቆው ማዶ እህል የሚያጭደው ሰው ጋ ይደርስ ነበር። አሁን ከክንድ የማይርቅ ቦታ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸው ልጃቸው ዘንድ አልደረሰም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

የደረስጌው ቅጂ ተገልብጦ አለቀ። አዲሱን ሶፍትዌር በስልኳ ኢንተርኔት ታወርድ ጀመር፤ ኔትዎርኩ እየተቆረጠ አስለቀሳት፤ በመጨረሻ ወረደ። አቶ ዓለምብርሃን መብራት እንዳይጠፋ ይመስል አምፖሉን አንጋጠው እያዩ ቆሙ። ጫነችው። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ፋኖቹ እንደ ልማዳቸው አጓሩ። ምርጫውን ፈልጋ አገኘችና ለወጠችው። እውነተኛ ሙቀት ቢመጣ ሰርቨሩ አሁን እንደማያስጠነቅቅ ታውቃለችና፣ ያቺ ትንሽ ፕሮግራም ዲስኮቹን እየጠየቀች ከበዛ በስልኳ እንድትነግራት አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር።

ጩኸቱ ዝቅ አለ። ደግሞ ዝቅ አለ። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ውጭ በመንገዱ የሚያልፍ ፈረስ ኮቴ ተሰማ።

«…እንግዲህ ይኸው ነው» አሉ አባቷ ከጥጉ፣ በሹክሹክታ፣ ጥርት ብሎ።

«ምን አሉኝ አባዬ?»

«ጨርሻለሁ እኮ። ሁሉንም ነግሬሽ ጨርሻለሁ።»

አቶ ዓለምብርሃን ሳቁና «ግራ ጌታ፣ እንግዲህ እንደገና ይጀምሩላት» ብለው አባትና ልጅን ትተው ወጡ፤ ቴርሞሜትሩንም ዳግመኛ ተውሰውት ነበርና ሊመልሱ ወሰዱት።

አረጋሽ ወንበሯን ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። «ድምፅዎን ሊሰሙ ነው የመጡት፤ አሁን አሰማዎታለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔን ምን አደርገዋለሁ? የእኔንማ አውቀዋለሁ። ሀብተ ሚካኤልን አሰሚኝ።»

አረጋሽ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«ማኅሌት እቆማለሁ» አሉ። «የእኔ ተራ ሲደርስ ሌላ ሰው ይልልኛል፤ እሱን ለምጄዋለሁ፣ እግዜር ያመጣው ነው። ቀና ብዬ ወደ ቀኝ ሳይ ነው የሚከፋኝ። ያ ቦታ ሰው አለበት። ደግ ልጅ ነው የቆመው፣ ያስተማርነው ልጅ ነው። ግን እሱ አይደለም። ድምፁ እየጠፋኝ ነው፣ ልጄ። ፊቱ አለኝ። አካሄዱ አለኝ። ድምፁን ግን ጠርቼ ጠርቼ አንዳንድ ቀን አይመጣልኝም። እሱ ሳይቀበለኝ የት እሄዳለሁ?»

አረጋሽ ቅጂውን ከፈተችው።

መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ፣ የጽዱ ቅጠል። ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የሚያስደነግጥ። ሽማግሌው የራሳቸውን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ አሳለፉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ቀኝ ጌታ ሀብተ ሚካኤል ተቀበሉ። ለስለስ ያለ፣ በመጨረሻው ላይ ጥቂት የሚሰበር የዓራራይ ዜማ። አባቷ መቋሚያቸውን ሲሚንቶው ላይ በቀስታ መምታት ጀመሩ። ግንባራቸው ተፈታ። ሁለተኛው ቃል ላይ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ፤ መቋሚያው ግን ከምቱ አልወጣም።

ብዙ ሰሙ። ፀሐይ ከመስኮቱ ራቀ።

ቅጂው ሲያርፍ አረጋሽ ስንት ዘመን የያዘችውን ጠየቀች። «አባዬ፣ ቀኝ ጌታ እኔ ከግድግዳው ጀርባ እንደምሰማ ያውቁ ነበር?»

«ከየትኛው ግድግዳ?»

«ከጎጆዋ። ባቄላ ስለቅም። ሲያስተምሩ እሰማ ነበር።»

አባቷ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። «እኔ እንኳ አላወቅሁም» አሉ። «ምኑን ትሰሚ ነበር?»

«ሁሉን።»

«ይዘሽዋል?»

«ጥቂት ጥቂት።»

«እስቲ በይው።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ነበር፣ ዜማውም ነበር። አልጋዋ ላይ በከንፈር ብቻ ስትለው የኖረችውን ነገር በአባቷ ፊት በድምፅ ማውጣት ግን አቃታት። «ሌላ ቀን» አለች። አባቷም አላስገደዷትም። «ሌላ ቀን» አሉ።

እሷ ጋ ጥቂት ቀናት ሰነበቱ። ቀን ቀን ማኅደሩ መጥተው፣ በሶዋቸውን በጥብጠው፣ ወዳጃቸውን ይሰማሉ። ለመሄድ ሲነሡ በስልክ ልጫንልዎ አለቻቸው፤ የሺዋስ ስልክ ላይ በፈለጉ ጊዜ ይሰሙት ዘንድ።

«ተይው» አሉ። «ሰው በፈለገ ጊዜ የሚያገኘው ከሆነ ምኑን ናፈቀ? ሲከፋኝ እመጣለሁ። አንቺንም አያለሁ።»

ሰርቨሩ ከዚያ ወዲህ ደኅና ነው። እንግዳው የደንበኞቹ ሰርቨሮች እንዲህ ባስቸገሩ ቁጥር ሰዎችን ወደ አረጋሽ ይልካል፤ እሷም መጀመሪያ ገልብጡ፣ ቀጥሎ እጅንና ቴርሞሜትርን እመኑ፣ ዲስኩን ራሱን ጠይቁ፣ ሶፍትዌሩን ከዚያ በኋላ ንኩ ትላቸዋለች። የማኅደሩም መገልበጫ ዲስክ በመጨረሻ መጣ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አረጋሽ ፈቃድ ወስዳ ደረስጌ ሄደች። በጾሙ መጀመሪያ እሑድ ለዘወረደ ማኅሌት በሴቶች በኩል ቆመች። በቀኝ በኩል የቆመው ሰው ጎበዝ ነበር፤ አንድ ቃል አልሳተም። አባቷ በግራ በኩል፣ ድሮ በሚቆሙበት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ቆመዋል። ናፍቆቷ ይቀልላታል ብላ ነበር የመጣችው፤ ባሰባት።

ከቅዳሴ በኋላ እቤት ገብተው አባቷ «ያ ሌላ ቀን ዛሬ ይሁን» አሏት። የጎጆዋን በር ከፈቱና አስቀድመው ገቡ፤ ዞር ብለውም «ነይ ግቢ» አሉ። ውስጡ የገለባና የአሮጌ ብራና ሽታ አለው። ቁርበቱ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቃሉን በሹክሹክታ አሉላት። ሹክሹክታ ዜማ አይሸከምም፤ ስለዚህ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን በእጃቸው አየር ላይ ሣሉላት። አረጋሽ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ መጀመሪያ ላይም ተንቀጠቀጠ። አባቷ በእጃቸው አስቆሟት፣ አረሟት፣ እንደገና አስጀመሯት።

ገና ከመጀመሪያው ገጽ አልራቁም። መንገዱ ሲፈቅድ ትሄዳለች፤ ክረምት ሲሆን ይቋረጣል። ስትመለስ ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሥራዋ ሲያልቅ፣ አንዳንድ ጊዜ የጽዱ ነፋስ ያለበትን ቅጂ ትከፍታለች።